የዛገ ታንክ ያላትን አሮጌ ሞተር ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጎቴ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያቆማት ደብረ ብርሃን፣ ጓሮው ካለ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ለእኔ ሲሰጠኝ አሥራ አንድ ክረምት አልፎባት ነበር። የታንኩን ክዳን ስከፍት የቤንዚን ሽታ የለም፤ የቆየ ቫርኒሽ ነው የሸተተኝ። በእጅ ባትሪ ሳየው ከአፉ እስከ ታች ቀይ ነው። ዛሬ ሞተሯ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ታንኩም ያው የድሮው ነው። ያያት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ታንኩ ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የምጽፈው ከሲጂ ተነስቼ ቢሆንም ለያማሃም፣ ለሱዙኪም፣ ለቬስፓም የብረት ታንክ ይሠራል።

ከምን ልጀምር? ኢንጂኑን ከማስነሳት ወይስ ታንኩን ከማጽዳት?

ከታንኩ። መጀመሪያ የሚያምረን አዲስ ቤንዚን ሞልቶ መርገጥ ነው። እኔም አደረግሁት። አራት ደቂቃ ያህል ሠርታ ጠፋች። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ስፈታው ሥሩ ላይ እንደ በርበሬ የደቀቀ ዝገት ተኝቷል። አጠብኩት፣ ገጠምኩት፣ ደግማ ጠፋች። ችግሩ ካርቡራተሩ ሳይሆን ከላይ የሚወርድበት ነገር መሆኑ የገባኝ ሦስት ጊዜ ከፈታሁት በኋላ ነው።

ጋዝ ሳይሰጣት ቀስ ብላ ስትሠራ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ከፀጉር ብዙም አትወፍርም። አንዲት ቅንጣት ዝገት ትዘጋታለች። የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋው መርፌ ሥር ዝገት ከገባ ደግሞ አልዘጋ ትላለች። ቤንዚን ውጭ ይፈሳል፤ አንዳንዴም ወደ ኢንጂኑ ገብቶ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ኢንጂኑ ደህና መሆኑን ቶሎ ማወቅ ከፈለጋችሁ ታንኩን አውርዱና ትንሽ ጠርሙስ ቤንዚን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ በቱቦ ከካርቡራተሩ ጋር አያይዙት። ከዚያ በፊት ግን ካንዴላውን ፍቱና በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ። አንድ ቀን ይደር። ከዚያ በእግር ሳይሆን በእጅ፣ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ለዓመታት የቆመ ፒስተን ደርቆ ሲሊንደሩ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። በኃይል ከተረገጠ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን ያለው ቀለበት) ይሰበራል።

ቤንዚን እያለበት ታንክ ከውስጥ እንዴት ይዝጋል?

የሚዝገው ከቤንዚኑ በላይ ባለው ባዶ ቦታ የተነሳ ነው። ታንኩ በግማሽ ሲቆም ቀሪውን የሚሞላው አየር ነው። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እንደ ድስት ክዳን ላብ ጣሪያው ላይ ይቋጠራል። ከዚያ ይንጠባጠባል። ውሃ ደግሞ ከቤንዚን ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን ቤንዚኑ 740 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ጠብታው ቤንዚኑን አልፎ ይወርድና ታች ማዕዘኑ ውስጥ ይተኛል። አሮጌ ታንክ ሁለት ቦታ የሚዝገው ለዚህ ነው፤ ጣሪያው ላይ እና ታች መጋጠሚያው ጋ። የጣሪያው ዝገት ስፋቱ ያስፈራል እንጂ ብዙ ጊዜ ስስ ነው። የሚበሳው የታችኛው ነው።

እኛ አገር ደግሞ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ የተሸጠባቸው ዓመታት ነበሩ። መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10 በመቶ፤ ኢታኖሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ይመጣ ነበር። ኢታኖል ውሃ ይስባል። እርጥበቱን ከአየር ጠጥቶ ይይዛል፤ ሲበዛበት ከቤንዚኑ ተለይቶ ውሃውን እንደያዘ ታች ይወርዳል። በዚያ ዘመን ቤንዚን እንደያዘች የቆመች ሞተር የታንኳ ወለል ክፉኛ ቢዝግ አይግረማችሁ።

ታንኬ ይድናል አይድንም? እንዴት ላውቅ?

በእጅ ባትሪ ወይም በስልካችሁ መብራት እዩት። ላይተር፣ ክብሪት፣ ሻማ አይታሰብም። ይህን የምለው ሲደረግ በዓይኔ ስላየሁ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ጓሮ ታንክ ከፍታችሁ በረንዳ ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ ሊደርስበት ይችላል።

ቀይ ዱቄት ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ቅርፊት እየተነሳ ከሆነ መካከለኛ ነው። ወለሉ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተቦረቦረ ነገር ካያችሁ ግን ቀጥኗል ማለት ነው። ከውጭ ደግሞ ታች መጋጠሚያው ላይ ቀለሙ ማበጡን ተመልከቱ። ቀለም ከታች በኩል ካበጠ ብዙ ጊዜ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ መጥቷል።

የሚያንጠባጥብ መሆኑን ለማወቅ ቤንዚኑን አስወጥታችሁ በደንብ ካጠባችሁት በኋላ ውሃ ሙሉትና ደረቅ ጋዜጣ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ጋዜጣው ይነግራችኋል። የወጣውን አሮጌ ቤንዚን ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ከሰል ለማቀጣጠልም አትጠቀሙበት። የተቃጠለ ዘይት በሚያጠራቅም ጋራዥ በኩል መላክ ይሻላል።

በምን ላጽዳው?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ብዙ ሰው ታንኩን የሚያጣው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ክዳኑን፣ ከሥር ያለውን የቤንዚን መክፈቻና ካለ የነዳጅ መለኪያውን ፍቱ። የመክፈቻው አካል ብዙ ጊዜ ከብረት አይሠራም፤ አሲድ ይበላዋል። ቀዳዳውን በጎማና በላሜራ ቁራጭ ድፈኑት። ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ ደጋግማችሁ እጠቡ። የደረቀ ቤንዚን እንደ ሙጫ ዝገቱን ስለሚሸፍነው እሱ ካልለቀቀ የምትጨምሩት ነገር ብረቱን አያገኘውም። ይህን ደረጃ ዘለው "አቼቶ አልሠራልኝም" የሚሉ ብዙ ናቸው።

በጣም ቀላሉ ራሱ አቼቶ ነው። የወጥ ቤቱ፣ ነጩ። ታንኩን እስከ አፉ ሙሉት። ግማሽ ከሞላችሁ ከፈሳሹ በላይ ያለው ክፍል በእንፋሎቱ ጭራሽ ይዝጋል። አንድ ቀን ይቆይ፣ እዩት፣ ካስፈለገ አንድ ቀን ይጨመር። ለሳምንት ረስታችሁት እንዳትሄዱ፤ ዝገቱን ሲጨርስ ወደ ደህናው ብረት ያልፋል።

እኔ የምመርጠው ሲትሪክ አሲድ ነው። ኬሚካል መሸጫ የሚገኝ ነጭ ዱቄት ነው። በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ትበጠብጣላችሁ። እንደ አቼቶው አይሸትም፣ ለመሸከምም ቀላል ነው። የአጎቴን ታንክ ያዳነው እሱ ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሌሊት። የሎሚ ጭማቂስ ያው አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። ሎሚው አሲዱ አለው፤ ግን ታንክ ለመሙላት ስንት ኪሎ ሎሚ ትጨምቃላችሁ? ስኳሩና ፍሬውም ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ነው። ታንኩን ውሃ ሙሉና በአራት ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ የማጠቢያ ሶዳ ጨምሩ። በአፉ አንድ ቁራጭ ፌሮ አስገቡ፤ ታንኩን እንዳይነካ በጎማ ያዙት። የ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ፖዘቲቩ ፌሮው ላይ፣ ኔጌቲቩ ታንኩ ላይ። ከተገላበጠ የሚበላው ታንካችሁ ነው፤ ሁለቴ እዩ። አሮጌው ከባድ ቻርጀር ይሻላል፤ አዲሶቹ ባትሪ ካላገኙ አይሠሩም። አረፋው ሃይድሮጂን ነው፣ ይፈነዳል። ውጭ ሜዳ ላይ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ። በፌሮው ፋንታ የማይዝግ ብረት አትጠቀሙ፤ መርዛማ ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ይለቃል። መብራት ከሄደ አትጨነቁ፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ዘዴ ደህናውን ብረት አይነካም። ግን ከፌሮው ፊት ለፊት ያለውን ነው በደንብ የሚያጸዳው፤ ሲጂን የመሰሉ መሐላቸው እንደ ኮርቻ የታጠፈ ታንኮች ላይ ጎንና ጎኑ ይቀራል።

የባትሪ አሲድና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድስ? አይሆንም። ዝገቱን በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል፤ ብረቱንም ይዘውት ይሄዳሉ። አንድ የማውቀው ልጅ ደህና ታንክ በአንድ ከሰዓት ወንፊት አድርጎታል። ከሁሉም በላይ አሲድና በረኪና በአንድ ዕቃ እንዳይገናኙ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ብሎንና ጠጠር ከትቶ መናጥ ይጠቅማል?

ቅርፊት ካለ አዎ። አሮጌ ካቴና ወይም ዳዶዎች ከተው፣ ትንሽ ውሃና ኦሞ ጨምረው እንደ ቅቤ መናጥ ነው። በየአቅጣጫው፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተናጠ ሌላው ይቀራል። ካቴናው ላይ ሽቦ እሰሩበት፣ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ። ዳዶ ከሆነ ቆጥራችሁ ክተቱ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። እኔ 40 ከትቼ 39 አወጣሁ። አንዱ በመሐሉ እጥፋት ጀርባ ተቀርቅሮ ነበር። ሽቦ ላይ ባሰርኩት ማግኔት እስካገኘው አንድ ሙሉ ከሰዓት ሄደ። የቀጠነ ወለል ያለው ታንክ ግን አይናጥ።

አጽድቼው አድሮ ተመልሶ ቀይ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

ምንም፤ ብቻ ዘገያችሁ። ከአሲድ የወጣ ብረት ራቁቱን ነው። እርጥብ ሆኖ አየር ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል። ስለዚህ አሲዱን ከማፍሰሳችሁ በፊት ቀጥሎ የምትፈልጉትን ሁሉ አጠገባችሁ ደርድሩ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አሲዱን አፍስሱ፣ ወዲያው በውሃ አለቅልቁ። ቤኪንግ ሶዳ የበጠበጣችሁበትን ውሃ ሞልታችሁ ናጡ፤ የቀረውን አሲድ ያረክሰዋል። እንደገና አለቅልቁ። ከዚያ ግማሽ ሊትር ያህል ንጹህ አልኮል አስገብታችሁ አንከባልሉት፤ የቀረውን ውሃ ይዞት ይወጣል። አሁን የፀጉር ማድረቂያ በአፉ ደግኑበት። አልኮሉ በደንብ ተንጠፍጥፎ፣ ሜዳ ላይ መሆን አለበት፤ ትነቱ በእሳት ይያዛል። ፀሐይ ካለ ፀሐይም ይጨርሰዋል። እንደ ደረቀ ትንሽ ቤንዚን ከባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ጋር አደባልቃችሁ ውስጡን በሙሉ አርሱት። ይህን ሁሉ ለብቻ መሥራት ይከብዳል፤ አንድ ሰው ይዛችሁ ሥሩ። እኔን ያገዘኝ የአጎቴ ልጅ ነው።

ስስ ቡናማ ጥላ ከቀረ ግን አትጨነቁ። በጣት ስትነኩት የማይለቅ ከሆነ ካርቡራተሩ ጋ አይደርስም።

ታንኩ ቀዳዳ አለው። ይበየድ?

ቤንዚን ነበረበትና ባዶ የሆነ ታንክ ሙሉ ከሆነው ይበልጥ አደገኛ ነው። የሚፈነዳው ፈሳሹ አይደለም፤ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነው። አንድ ጊዜ በውሃ የታጠበ ታንክ ታጥቧል አይባልም፤ በመጋጠሚያው ውስጥ የተደበቀ ቤንዚን ሙቀት ሲያገኘው ይተናል። የሚሠራው ባለሙያ ታንኩን ደጋግሞ በሙቅ ውሃና በኦሞ ያጠበ፣ የሚበየደው ቦታ እስኪቀር ድረስ ውሃ የሞላ መሆን አለበት። "ግድ የለም፣ ስንት ሠርቻለሁ" የሚላችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ካከለ ብየዳ ባያስፈልግም ይሆናል። ዙሪያውን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ በስታኞ፣ በትንሽ ሙቀት በሚቀልጠው ማጣበቂያ ብረት፣ መድፈን ይቻላል። ከኤሌክትሪክ ብየዳ ሙቀቱ ያነሰ ነው፤ ላሜራውንም አያጣምምም። ሆኖም እሱም ሙቀት ነውና የማጠቡ ሕግ አይለወጥም።

ከውስጥ ኢፖክሲ ልቀባው?

ሁሉም የሚመክረው ይህን ነው። እኔ አልስማማም። ለታንክ ውስጥ ተብሎ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ (ተደባልቆ ሲደርቅ የሚጠነክር ቅብ) አለ፤ በጥንቃቄ ከተቀባ ዓመታት ይቆያል። ግን የሚይዘው ፍጹም ንጹህና ደረቅ ብረት ላይ ነው። ጥግ ላይ አንድ እርጥብ ቦታ ከቀረ እዚያ ይላቀቃል። የተላቀቀው እንደ ላስቲክ ተልጦ የቤንዚኑን መውጫ ይዘጋል። አንዳንዱ ደግሞ በኢታኖል ይለሰልሳል። ዝገትን በሲትሪክ አሲድ ታወጡታላችሁ፤ የተላጠ ኢፖክሲን ማውጣት ግን ፍዳ ነው። ታንኩ ቀጥኖ ሌላ አማራጭ ከጠፋ ቅቡት። ጤናማ ብረት ከሆነ ተዉት፤ ቤንዚን ሙሉትና ንዱት።

የውጭውን ቀለምስ ልቀይረው?

ከቻላችሁ አትቀይሩት። የአጎቴ ታንክ ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ሳስቷል። እሱን ስቱኮ ለቅልቄ አዲስ ቀይ ብረጨው ያምር ነበር፤ ግን የእሱ ሞተር መሆኗ ይቀራል። የቀረውን በለስላሳ ማጽጃ አጥባችሁ ሰም ቀቡ። ብረቱ የተጋለጠበትን ብቻ ፍቃችሁ አንቲረስትና ተመሳሳይ ቀለም አስነኩት። አሲድ ስትሠሩ የክዳኑን ዙሪያ ወፍራም ግራሶ ቀቡት፤ የፈሰሰው ቀለሙን እንዳይበላው። የግድ ሙሉ ቀለም ከሆነ ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን የመኪና ቀለም ምረጡ። ተራው ቀለም ቤንዚን ሲፈስበት ይሟሟል።

ታንኩ ጸዳ፤ ሞተሯ ግን ጥቂት ሄዳ ትጠፋለች።

ስትጠፋ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። "ፍስስ" ብሎ አየር ከገባና ከዚያ ከተነሳች የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ መውረዱ ይቆማል። በቀጭን ሽቦ ይጸዳል። ካልሆነ መክፈቻው ውስጥ ያለውን ወንፊት እዩ። ቱቦውንም ቀይሩት፤ አሥር ዓመት የቆየ ጎማ ከውስጥ ይፈረፈራል። በመሐሉ ግልጽ ፊልትሮ ግጠሙ፤ ዝገት መውረዱን በዓይን ታዩበታላችሁ።

አዲስ አበባ ላይ ካንዴላዬ ይጠቁራል። ከታንኩ ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም፤ ከከፍታው ጋር ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱም ካንዴላውም ይጠቁራል። ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ የያዘችውን ቪት በአንድ ቁጥር በምታንስ ቀይሩ፣ የአየር ቪቷንም አስተካክሉ። ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ የምትወርዱ ከሆነ ግን የድሮዋን መልሱ። ቤንዚን ያነሰው ኢንጂን ይግላል።

አዲስ ታንክ መግዛት አይሻልም?

ለአንዳንዱ ይሻላል። ወለሉ ወንፊት ከሆነ ጊዜያችሁን አትጨርሱ፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር በሉ። የሲጂን ቅርፅ የሚመስሉ አዳዲስ ታንኮችም አሉ፤ ግን ላሜራቸው ስስ ነው፣ ማሰሪያቸውም ሁልጊዜ አይገጥምም። ሆንዳ ሲጂ 125ን እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣ ጥገና ለማያገኝ፣ ጭነት ለሚበዛበት ሰው አስቦ ነው። ለዚያም ነው ቀላሉን፣ ቫልቮቹን በዘንግ እየገፋ የሚከፍተውን የፑሽሮድ ኢንጂን የመረጠውና ካቴናውን በሽፋን የዘጋው። እንዲህ ታስባ የተሠራች ሞተር የራሷ ታንክ ቢቀርላት ደስ ይለኛል።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ሌላ ማወቅ ያለብኝ አለ?

ሊብሬዋ። ወረቀት የሌላት ሞተር ብታምርም ግቢ ውስጥ ትቀራለች። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ጥላለች። መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ቡሎን ፍቱ።

ድጋሚ እንዳይዝግ ምን ላድርግ?

ንዷት። በየሳምንቱ ቤንዚን የሚወጣበትና የሚገባበት ታንክ ለመዝገት ጊዜ የለውም። ክረምቱን የምታቆሟት ከሆነ ሰኔ ላይ ታንኩን እስከ አፉ ሙሉት፤ አየር ከሌለ ላብም የለም። መክፈቻውን ዝጉና ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን አስወጡ። ከሦስት ወር በላይ ከቆመች ደግሞ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ውስጡን በዘይት አርሳችሁ ክዳኑን ግጠሙ። የአጎቴን ሞተር አምና እንዲህ አድርጌ አቆምኳት። መስከረም ላይ በሁለተኛው ምት ተነሳች።